ያላዩት አገር አይናፍቅም?

አበው «ያላዩት አገር አይናፍቅም» ይላሉ። ተረቱ ለብዙ ዘመን እውነት ሆኖ ኖሯል። ሰው የሚናፍቀው የኖረበትን፣ ውኃውን የጠጣውንና አፈሩን የረገጠውን አገር ነበርና። ዳሩ ግን ባለፉት አርባ ዓመታት ውስጥ ይህን ተረት የሚፈታተን አንድ ጥቁር ዕቃ በየቤታችን ገባ። ርዝመቱ ከስንዝር አይበልጥም። ሆዱ ሲከፈት ግን 250 ሜትር ያህል የሚዘረጋ ቀጭን ጥብጣብ ተጠምጥሞበት ይገኛል። የቪዲዮ ካሴት ነው።

በዚህ ጽሑፍ የማነሳው ማንኛውንም የቪዲዮ ካሴት አይደለም። ሰው ባሕር ማዶ ሄዶ ያየውን በገዛ እጁ ቀርጾ ለቤተሰቡ ያመጣውን ወይም የላከውን ካሴት ነው። በቴሌቪዥን ጣቢያ ያልተላለፈ፣ በሲኒማ ቤት ያልታየ፣ ደራሲም ሆነ ዳይሬክተር የሌለው፣ የተመልካቹ ቁጥር ከአንድ ማኅበር ጠጪ ብዙም የማይበልጥ ፊልም ነው። የታሪክ መጻሕፍት የነገሥታትንና የመኳንንትን የውጭ አገር ጉዞ ይተርኩልናል። የተራው ሰው ጉዞ ግን ከደብዳቤና ከፎቶግራፍ ቀጥሎ የተመዘገበው በዚህ ጥብጣብ ላይ ነው። ስለዚህ እንደ አንድ የታሪክ ሰነድ ልንመረምረው ይገባል እላለሁ። መነሻዬም የትውልድ ቀዬዬ ይጁቤ ናት።

«ማዶ» ሲባል

ይጁቤ በምሥራቅ ጎጃም የባሶ ሊበን ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከደብረ ማርቆስ በስተደቡብ፣ አገሩ ወደ ዓባይ በረሃ ከመውረዱ በፊት ባለው ደጋ ላይ ተቀምጣለች። ባሕር ከዚያ እጅግ ሩቅ ነው። ለይጁቤ ሰው «ማዶ» ማለት በመጀመሪያ ባሕር ማዶ ሳይሆን ዓባይ ማዶ ነበር።

በ19ኛው ምዕተ ዓመት በዚህ አካባቢ ይቆም የነበረው የባሶ ገበያ በደቡብ ጎጃም እጅግ የገነነ ነበር። ከዓባይ ወዲያ የሚመጣው ነጋዴ ቡና፣ ወርቅ፣ ዝባድና የዝሆን ጥርስ ጭኖ፣ ባሪያም ነድቶ ይደርሳል። ከሰሜን የሚወርደው ደግሞ አሞሌውንና ከወደብ የገዛውን ሸቀጥ ያራግፋል። እ.ኤ.አ. ከ1841 እስከ 1843 በጎጃም የቆየው እንግሊዛዊ ተጓዥ ቻርልስ ቢክ ያውሽ በተባለው ስፍራ ተቀምጦ፣ በገበያው ከሚገናኙት ነጋዴዎች ስለ ደቡብ አገሮች ወሬ ይሰበስብ ነበር። የየሕዝቡን ቋንቋ ቃላትም መዘገበ። እግሩ ያልረገጠውን አገር ከረገጡት ሰዎች አፍ ሰምቶ ለለንደን የጂኦግራፊ ማኅበር አቀረበ።

ይህ ለርዕሳችን ቁም ነገር አለው። የባሶ ገበያ የሸቀጥ መለዋወጫ ብቻ ሳይሆን ስለ ሩቅ አገር የሚወራበትም አደባባይ ነበር። ወሬው ከተናጋሪው ጋር አብሮ ይመጣል። አድማጩ ይጠይቃል፣ ይጠራጠራል፣ «በል እስቲ ማልልኝ» ይላል። ተናጋሪውም ይመልሳል፣ ያስረዳል፣ አንዳንዴም ይዋሻል። ሩቅ አገር የሚታወቀው በጥያቄና በመልስ ነበር። ይህን ልብ እንበልና ወደ ባሕር ማዶው እንሻገር።

ብዕሩ በእኛ እጅ፣ ካሜራው በእነሱ እጅ

ስለ ባሕር ማዶ ጉዞ በአማርኛ መጻፍ የጎለበተው ከመንግሥት መልእክተኞች ጋር ነው። ራስ መኰንን በ1881 ዓ.ም. ወደ ኢጣሊያ፣ በ1894 ዓ.ም. ደግሞ ለንጉሥ ኤድዋርድ ሰባተኛ የዘውድ በዓል ወደ ለንደን ተልከዋል። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ኢየሩሳሌምን፣ ግብፅንና የአውሮፓን ዋና ዋና ከተሞች ጎበኙ። አጅበዋቸው ከሄዱት ታላላቅ መኳንንት አንዱ የጎጃሙ ገዥ ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ነበሩ። ስለዚህም ከደብረ ማርቆስ አደባባይ ተነሥቶ ፓሪስንና ለንደንን ያየ ሰው በዚያን ጊዜ አገሩ ተመለሰ።

ያን ጉዞ ለአንባቢ ያደረሱት ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ናቸው። «ደስታና ክብር» የተባለው መጽሐፋቸው ታትሞ የወጣው በዚያው በ1916 ዓ.ም. ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ራሳቸው መልእክተኛ ሆነው ጃፓን ሄዱ። በ1924 ዓ.ም. «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን»ን አሳተሙ። ጃፓንን በዓይኑ አይቶ የማያውቀው የአዲስ አበባ አንባቢ የሩቅ ምሥራቁን አገር በአገሩ ሰው ቋንቋ አነበበ።

ፊልሙስ? ተንቀሳቃሽ ሥዕል ወደ አገራችን የገባው ገና በዓፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ19ኛው ምዕተ ዓመት ማብቂያ ላይ ነው። በመጀመሪያ ያዩት ንጉሠ ነገሥቱና ባለሟሎቻቸው ናቸው። በኋላ አዲስ አበባ ውስጥ ሲኒማ ቤት ቢከፈት ሕዝቡ «የሰይጣን ቤት» አለው። በ1916ቱ ጉዞም ፊልም አልታጣም። የአውሮፓ የዜና ፊልም አንሺዎች አልጋ ወራሹንና መኳንንቱን በካባና በለምድ እንዳሉ ቀርጸዋቸዋል። ነገር ግን ካሜራው የነበረው በአስተናጋጆቹ እጅ ነው። የእኛ ሰዎች ሲመለከቱ ይታያሉ እንጂ እነሱ የተመለከቱት በፊልም አልተያዘም። ያዩትን ለመናገር የቀራቸው ብዕርና አንደበት ነው።

ይህ ነገር ለረዥም ጊዜ አልተለወጠም። ኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው። በአማርኛ የተሠራው የመጀመሪያው ረዥም ልብወለድ ፊልም «ሂሩት አባቷ ማን ነው?» የዚያው ዘመን ሥራ ነው። ፊልም መቅረጽ የመንግሥት ወይም የባለ ብዙ ገንዘብ ተግባር ነበር። ባሕር ማዶ ለትምህርት የሚሄደው ወጣት ከትልቅ ሕንፃ ፊት ቆሞ ፎቶግራፍ ይነሣና ከጀርባው «ለማስታወሻ» ብሎ ጽፎ ይልካል። በ1970ዎቹ ወደ ኩባና ወደ ምሥራቅ አውሮፓ የተላኩት ተማሪዎችም ለወላጆቻቸው የደረሱት በፎቶግራፍና በደብዳቤ ነው።

የጎጃምን ሰው ካነሣን ሐዲስ ዓለማየሁን ማለፍ አይቻልም። ከደብረ ማርቆስ ብዙ በማይርቅ የገጠር ቀበሌ በ1902 ዓ.ም. የተወለዱት እኒህ ደራሲ የባሕር ማዶን ኑሮ በብዙ መልኩ ያዩ ናቸው። በጠላት ወረራ ዘመን ተማርከው ለዓመታት በኢጣሊያ ታስረዋል። ከነፃነት በኋላ በኢየሩሳሌም፣ በአሜሪካና በለንደን አገራቸውን ወክለው ሠርተዋል። ይሁንና አንባቢ ከሁሉ አብልጦ የወደደላቸው በ1958 ዓ.ም. የወጣው «ፍቅር እስከ መቃብር» የሚተርከው ስለ ጎጃም ገጠር ነው። ባሕር ማዶ የሄደ ሰው የሚያየው ያልለመደውን አገር ብቻ አይደለም። የተወው አገርም ከሩቅ ሲያዩት ጎልቶ ይታያል። ይህን ነገር ወደ ኋላ በካሴቶቹ ውስጥ እናገኘዋለን።

ጥቁሩ ካሴት ሲመጣ

ከቪዲዮው በፊት የድምፅ ካሴት መንገዱን ጠርጎለት ነበር። ማንበብና መጻፍ የማይችሉ እናቶች ደብዳቤ ማስጻፍ ትተው በቴፕ ሪከርደር ፊት ተቀምጠው ለልጆቻቸው ይናገሩ ጀመር። ልጁም ከዚያ ማዶ በድምፅ ይመልሳል። የደብዳቤ ጸሐፊ ከመካከል ወጣ፤ ሳቅና ሳግ ሳይቀር በፖስታ ይጓዝ ጀመር።

ቪ.ኤች.ኤስ. የተባለውን የቪዲዮ ካሴት የጃፓኑ ጄ.ቪ.ሲ. ኩባንያ ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ካሜራው ለብቻ፣ መቅጃው ለብቻ ስለነበረ ተጓዥ ይዞት የሚዞረው ዕቃ አልነበረም። እ.ኤ.አ. ከ1983 በኋላ ግን ሶኒና ጄ.ቪ.ሲ. ካሜራና መቅጃን አንድ ላይ አድርገው በትከሻ፣ ቆይቶም በአንድ እጅ የሚያዝ መሣሪያ አወጡ። እነሆ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ካሜራው ከአስተናጋጁ እጅ ወጥቶ በእንግዳው እጅ ገባ።

በእኛ አገር የቀለም ቴሌቪዥን የጀመረው በ1977 ዓ.ም. መባቻ ነው። ዴክ ያለው ቤት ግን ጥቂት ነበር። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ወደ ውጭ መውጣትና ከውጭ መመለስ ሲቀልል ዴኩም ካሴቱም በዛ። በየከተማው ቪዲዮ ቤቶች ተከፍተው የህንድና የካራቴ ፊልም ያሳዩ ጀመር። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1990 ያወጣችው ሕግ የዲቪን ዕጣ ካስከተለ በኋላ ደግሞ «ዲቪ ደረሰው» የሚለው አነጋገር ከሎተሪ የበለጠ የሚያስቀና ሆነ። የሄደው ይቀርጻል፣ ይልካል። የቀረው ይሰበሰባል፣ ያያል።

ነገር ግን ከአሜሪካ የሚመጣ ካሴት እኛ አገር እንደደረሰ አይታይም ነበር። ምክንያቱ ወዲህ ነው። የአሜሪካ ቴሌቪዥን ያኔ ይሠራበት የነበረው ሥርዓት ኤን.ቲ.ኤስ.ሲ. ይባላል። ሥዕሉን በ525 መስመሮች ከፍሎ በሰከንድ 30 ጊዜ ያህል ያድሰዋል። የእኛው ደግሞ ፓል ነበር። መስመሩ 625፣ እድሳቱ በሰከንድ 25 ጊዜ ነው። ቀለሙንም የሚያስተላልፉበት ዘዴ ይለያያል። ስለዚህ የዋሽንግተኑ ካሴት በፓል ዴክ ሲገባ ሥዕሉ ይንከባለላል፣ ቀለሙ ይጠፋል። ሁለቱንም ሥርዓት የሚያነብ ዴክ ያለው ሰው እየተፈለገ ካሴቱ መገልበጥ ነበረበት። የሩቅ አገር ወሬ ድሮ በቋንቋ አስተርጓሚ ያልፍ እንደነበረ፣ ይኸኛው ደግሞ በመሣሪያ አስተርጓሚ አለፈ።

አንድ ካሴት በይጁቤ

ከማውቃቸው ካሴቶች አንዱን ላንሣ። በዋሽንግተን የሚኖር የአክስቴ ልጅ በ1988 ዓ.ም. ያደረገውን የጥቂት ቀናት ጉዞ ቀርጾ በመንገደኛ ሰደደልኝ። ለእናቱ እንዳደርስለት ነበር አደራው። አዲስ አበባ ውስጥ መጀመሪያ ያሳየሁት ቪዲዮ ቤት «ካሴቱ ተበላሽቷል» ብሎ መለሰልኝ። ሌላው ግን ነገሩ ገብቶት ወደ ፓል ገለበጠው። መስቀል ካለፈ በኋላ ይዤው ወረድኩ።

ቴሌቪዥኑንና ዴኩን ከአንድ ነጋዴ ተዋስን። ጀነሬተር ከደብረ ማርቆስ ተከራየን። የአክስቴ ቤት ጎረቤቱን አልችል ስላለ ቴሌቪዥኑ በር ላይ ወጣ፤ ሰዉም በግቢው ተኮልኩሎ ተቀመጠ። ጠላው ቀረበ፣ ቡናው ተፈላ። ጀነሬተሩ ጓሮ ሆኖ ያጓራል። በድምፁ ላይ ደግሞ የልጁ ድምፅ ከቴሌቪዥኑ ይወጣል፦ «ይኼ የምታዩት ነጩ ቤት ነው፤ ፕሬዚዳንቱ የሚኖርበት። ይኼ ደግሞ መንገዱ…»

ሐውልቱ አለፈ፤ ኒውዮርክ መጣ። ከጀልባ ላይ የተቀረጹ ሁለት መንታ ፎቆች ከሰማይ ጋር ተጣብቀው ቆመዋል። ጉባኤው በአንድ ቃል «ወይ ጉድ!» አለ። ከዚያ ናያግራ ፏፏቴ። እዚህ ላይ ተመልካቹ የራሱን መለኪያ አወጣ። አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን አስደግፈው «ዓባይ እኮ ክረምት ላይ ሲሞላ ከዚህ አያንስም» አሉ። ሌላው «ጢስ ዓባይን አይተሃል ወይ አንተ?» ብሎ ጠየቀ። ክርክሩ ከፊልሙ በላይ ደመቀ። ያ የባሶ ገበያ ጥያቄና መልስ ተመልሶ መጣ ማለት ይቻላል። ልዩነቱ ተጠያቂው እዚያ አለመኖሩ ነው። ካሴት አይጠየቅም። ስለዚህ ተመልካቹ እርስ በርሱ ጠየቀ፣ እርስ በርሱም መለሰ።

አክስቴ ግን ዝም ብላ ቆየች። ካሴቱ ወደ ማለቁ ሲደርስ፣

«ልጄስ የታል?» አለች። «አገሩን ሁሉ አሳያችሁኝ፤ ልጄን ግን አላሳያችሁኝም።»

«እታለም፣ የሚያነሣው እኮ እሱ ነው» አላት አንዱ ጎረቤት። «ካሜራውን ይዞ እንዴት አድርጎ ይታይ?»

አክስቴ ጥቂት አሰበችና፣ «ታዲያ ካሜራውን የሚይዝለት አንድ ሰው አጣ ማለት ነው?» አለች።

በግቢው ውስጥ መልስ የሰጠ አልነበረም።

መልሰን ስንፈልግ አንድ ስፍራ ተገኘ። ልጁ የአንድ ሱቅ መስተዋት ሲቀርጽ ጥላው መስተዋቱ ላይ አርፏል። ካፖርት የለበሰ ሰው ነው። ፊቱን ካሜራው ሸፍኖታል። እዚያው ላይ አቁመን አሳየናት። ካሴት ባንድ ሥዕል ላይ ሲቆም ሥዕሉ ይንቀጠቀጣል፣ ጥብጣቡም ይፋቃል። እሷ ግን ተጠግታ በጣቷ መስተዋቱን ነካችና «ካፖርቱ ነው እንጂ ሰውነቱ ከስቷል» አለች።

ካሴቱ ያላሳየው

ልጁ ከሁለት ዓመት በኋላ በአካል ሲመጣ ስለ ካሴቱ አወጋን። ካሜራው የጓደኛው ነበር፤ የተዋሰው ለአንድ የዕረፍት ሰሞን ነው። ጉዞውን ያደረገው በአውቶቡስ፣ ብቻውን ነው። ሌሊት መኪና ማቆሚያ ይሠራል። የሚተኛበትን ክፍል ከሌሎች ሦስት ልጆች ጋር ይጋራል። ከዚህ ሁሉ አንዱም ካሴቱ ውስጥ የለም። «እናቴን ላስጨንቃት ነው?» አለኝ።

ይህ ውሸት አይደለም። ነጩ ቤትም ፏፏቴውም በቦታቸው ያሉ እውነተኛ ነገሮች ናቸው። ከጥንት ጀምሮ ተጓዥ ወደ ቤቱ ይዞ የሚመለሰው ወግ ለሰሚው የሚበጀውን መርጦ ነው። የመንግሥት መልእክተኛ ለመንግሥቱ ክብር ይመርጣል። ልጅ ለእናቱ እንቅልፍ ይመርጣል። የቪዲዮው መዘዝ ግን ምርጫው አለመታየቱ ነው። መጽሐፍ ሲያነቡ የጸሐፊው እጅ ይታወቃል። ፊልም ሲያዩ ግን «በዓይኔ አየሁት» ይባላል። ማን በየትኛው አንግል ቆሞ እንዳሳየን እንረሳለን።

ስለዚህ አንድ ካሴት ሁለት ዓይነት ተመልካች አገኘ። እናቶች ከሥዕሉ ውስጥ የጎደለውን ሰው ፈለጉ። ወጣቶች ደግሞ ሥዕሉን ፈለጉ። ያን ማታ አጥሩ ላይ ተንጠልጥለው ያዩ ልጆች በማግስቱ የጠየቁኝ ስለ ዲቪ ቅጽ ነበር። ያላዩት አገር አይናፍቅም ያለው ተረት በዚህ ላይ ተሰበረ። ያላዩትን አገር አዩት፤ ወይም ያዩት መሰላቸው፤ ናፈቁትም። ለስደት ድህነትና የፖለቲካ ችግር ዋና ምክንያቶች መሆናቸውን አልክድም። ነገር ግን ሰው ከቤቱ ሲወጣ ወዴት እንደሚሄድ የሚያስብበት ሥዕል ያስፈልገዋል። ያን ሥዕል ለብዙ የገጠር ከተማ ልጅ የሰጠው የዘመድ ካሴት ነው። ለዚህም ነው የሌሊቱ ሥራና የተጨናነቀው ክፍል ከካሴቱ መቅረታቸው ተራ ነገር ሆኖ የማይታየኝ።

ካሴት በአንድ አቅጣጫ ብቻ አልሄደም። ከአገር ቤት ወደ ባሕር ማዶም የሠርግ፣ የክርስትናና የተስካር ካሴት ተልኳል። አባቱን ለመቅበር ያልደረሰ ልጅ ቀብሩን በዋሽንግተን ወይም በሮም ሶፋ ላይ ተቀምጦ አይቷል። እዚያ ያለው የሚፈልገው ሙሽራይቱን ብቻ አይደለም። ከጀርባዋ ያለችውን ዋርካ፣ አጥሩን፣ ያረጀውን ጎረቤት ነው። ሐዲስ ዓለማየሁን ሳነሣ ያልኩት እዚህ ላይ ይመጣል፤ የቅርቡ አገር በሩቅ ዓይን ሲታይ ሌላ ነው።

ሦስተኛ ዓይነት ካሴትም አለ፤ የኢየሩሳሌም ተሳላሚ ካሴት። ኢትዮጵያውያን ቅድስቲቱን ከተማ ለመሳለም መሄድ የጀመሩት ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ነው። የተመለሰ ሰው ጧፍ፣ አፈር፣ የዮርዳኖስ ውኃ ይዞ ይመጣ ነበር። አሁን ደግሞ ዴር ሱልጣንን፣ ደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረትን፣ የትንሣኤን ሌሊት ቀርጾ ይመጣል። ይህን ካሴት ባሮጊቶች ፊት ያየሁት ከናያግራው በተለየ ሥርዓት ነው። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ አንዳንዶቹ ቆመው፣ መቃብሩ ሲታይ እያማተቡ ይመለከታሉ። ለእነሱ ፊልም አይደለም፤ መሳለም ነው። የተጓዡን ፊት የሚጠይቅም የለም። ከዚህ የምንማረው የካሴቱ ትርጉም የሚወሰነው በቀራጩ ብቻ ሳይሆን በተመልካቹም መሆኑን ነው።

ጥብጣቡ ሳይበላሽ

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልድረስ። «ደስታና ክብር» እና «ማኅደረ ብርሃን» መቶ ዓመት ያህል ቢሆናቸውም ዛሬም ከቤተ መጻሕፍት አውጥቶ ማንበብ ይቻላል። የሠላሳ ዓመቱን የአክስቴን ልጅ ካሴት ግን እንደዚያ መክፈት አይቻልም። ካሴት ማለት በፕላስቲክ ጥብጣብ ላይ በሙጫ የተያያዘ የብረት ዝገት ብናኝ ነው። ሥዕሉም ድምፁም የተቀመጠው በብናኙ ማግኔት ነው። ሙጫው እርጥበት ሲስብ ይላላል፤ ብናኙ ይረግፋል። ክረምት ሻጋታ ያወጣበታል። የማጀት ጭስና የዕጣን ጢስ ይለጠፍበታል። በደህና ቢያዝ እንኳ ዕድሜው በጥቂት አሥርት ዓመታት የሚቆጠር ነው።

ካሴቱ ቢተርፍ ማጫወቻው ይጠፋል። በዓለም ላይ የመጨረሻው የቪ.ኤች.ኤስ. ዴክ አምራች የነበረው የጃፓኑ ፉናይ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በሐምሌ ወር 2016 ማምረቱን አቁሟል። ዛሬ የሚሠራው ዴክ ሁሉ አሮጌ ነው። ሲበላሽ መለዋወጫው የሚገኘው ከሌላ አሮጌ ዴክ ሆድ ነው።

«ታዲያ የአንድ መኪና ጠባቂ ፊልም ቢጠፋ ምን ይጎዳናል?» የሚል አይጠፋም። ላስረዳ። ያ ልጅ ከጀልባ ላይ የቀረጻቸው የኒውዮርክ መንታ ፎቆች በመስከረም 1 ቀን 1994 ዓ.ም.፣ በእኛ ዘመን መለወጫ ዕለት፣ ፈርሰዋል። እሱ ሲቀርጻቸው የታሪክ ሰነድ እየሠራ መሆኑን አላወቀም። ፎቆቹን ግን ሌሎች በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎችም ቀርጸዋቸዋል። በዚያ ካሴት ብቻ የሚገኘው ድምፁ ነው፤ በጎጃም አማርኛ ለእናቱ እያስረዳ የሚሄደው ድምፅ። አንድ የይጁቤ ልጅ አሜሪካን በምን ቃል ለቤቱ እንዳስረዳ፣ ምን እንዳስገረመውና ምን እንደ ሸሸገ የሚነግረን ሌላ ሰነድ የለም። በ1980ዎቹ ስለወጣው ትውልድ ነገ ታሪክ የሚጽፍ ሰው ይህን ድምፅ ካጣ የቀረው የቪዛ መዝገብ ብቻ ነው።

ስለዚህ ካሴት በቤቱ ያለው አንባቢ ነገ ዛሬ ሳይል እንዲነሣ እመክራለሁ። ካሴቱ ከእርጥበትና ከፀሐይ ርቆ፣ እንደ መጽሐፍ ቀጥ ብሎ ይቀመጥ። ሻጋታ የታየበትን ዴክ ውስጥ አለማስገባት ነው፤ ዴኩንም ሌላውን ካሴትም ይበክላልና። የሚሠራ ዴክ ወዳለው ባለሙያ ወስዶ ወደ ኮምፒዩተር ማስገልበጥና ቅጂውን ከአንድ በላይ በሆነ ስፍራ ማስቀመጥ ይገባል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን መሣሪያ የማይጠይቀው ሥራ ነው። ካሴቱን ከቀረጸው ወይም ካዩት ሰዎች አንዱን አጠገብ አስቀምጦ ማየትና የሚለውን መመዝገብ። ይህ ማን ነው? የት ነው? መቼ ነው? ለማን ተብሎ ተቀረጸ? ከእነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ አርጅተዋል። እነሱ ሲያልፉ ሥዕሉ ቢቀር እንኳ ዲዳ ይሆናል። ስም የሌለው ሠርግ፣ ስም የሌለው ከተማ፣ ስም የሌለው ልጅ ሆኖ ይቀራል። የመንግሥት ቤተ መዛግብት ይህን እስኪሰበስብልን መጠበቅ አያስፈልግም። ሽፋኑ ላይ በእስክሪብቶ የሚጻፉ ሦስት መስመሮች ይበቃሉ።

የዛሬው ተጓዥ በስልኩ ቀርጾ በዚያው ደቂቃ ይልካል። የካሜራው ዓይንም ዞሯል። ድሮ አገሩ ይታይና ቀራጩ ይጠፋ ነበር። ዛሬ ቀራጩ ሥዕሉን ሞልቶት አገሩ ከጆሮው ኋላ በጥቂቱ ብቅ ይላል። ሥዕሉ በመብዛቱም ተሰብስቦ ማየት ቀርቷል፤ እያንዳንዱ በየስልኩ አይቶ ያልፋል። የሸሸጉትን መሸሸግ ግን አልቀረም። ዛሬም ከባሕር ማዶ የሚላከው ሥዕል የምግብ ጠረጴዛውንና መኪናውን ያሳያል እንጂ የሌሊቱን ሥራ አያሳይም።

ተረቱን እንግዲህ እናርመው ይሆን? ያላዩት አገር ይናፍቃል፤ በሌላ ሰው ዓይን ካዩት። ስለዚህም ከባሕር ማዶ የመጣ ሥዕል በፊታችን ሲዘረጋ፣ አሮጌ ካሴትም ሆነ የትናንት ስልክ፣ ስለ ፎቁ ከፍታ ከመገረማችን በፊት የምንጠይቀው አንድ ጥያቄ ይኑረን፦ ይህን የያዘው እጅ የማን ነው፣ ከእጁስ ኋላ ምን አለ?